ፍጉ ደረሰ ወይ?

ላም አለኝ በአዘዞ፣ ወተቷንም አላይ፤
ሰባት ቀን ደፋሁት በግቢው ድንጋይ ላይ።
ቦቃ ጡቷ አብጦ፣ ተዋበ መጣና
ቢጫውን ወጋት፣ ታፋዋን መታና፣
«ወተቱን አትጠጡ።»
እበቷንስ? አልኩት።
ጓንቱን አወለቀ፤
«ይህን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም» ሲል ሳቀ።

ሁሉም ከላሟ ሆድ ተፈጭቶ አይቀርም፤
ከእበቱ ጋር ወጥቷል፣ ሽታ መልክ የለውም።

ከመርኩት ከጓሮ። ጭድ፣ አመድ፣ ትንሽ ውሃ።
በሳምንቱ ሳገላብጠው
የቦቃ ትኩሳት፣ ከሷ ወጥቶ የሄደው፣
ክምሩ ውስጥ ገብቶ እጄን ለበለበው።

ይርጋ በሽንታ ዳር ነጭ ሽንኩርት አለው፤
ጆንያ ትከሻው ላይ፣ ጠዋት ከበር ነው፦
«ስንዱ፣ ፍጉ ደረሰ?»
አልደረሰም፤ ታገሥ።
«ምነው፣ እበቱን ትምህርት ቤት አስገባሽው እንዴ?»

ሳልፈልግ አስገባሁት።
በውስጡ ያለው፣ ዓይን የማያየው፣
መድኃኒቱን ቀምሶ ከሞት ከተረፈ፣
ለልጁ ያወርሳል
በየት እንዳለፈ።

ሰኔ ደርሷል። ሰማዩ በጎርጎራ በኩል ጠቁሯል፤
ጎርፉ ክምሬን ጠርጎ ሽንታ እንዳይከተው
ላስቲክ አለበስኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት።

ዛሬም እጄን ሰደድኩ።
ለብ ብሏል።
ነገ ደግሞ አገላብጠዋለሁ።