የቢላ ልብስ

ቢላዋ ልገዛ ሞጣ ወርጄ ነበር፣
ካርቶን ገዝቼ ገባሁ፣ እውነቱን ስናገር።

በእንየው ሱቅ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣
ጋደም ብሎ አየኝ፣ ለፋሲካ ገበያ፣
በላስቲክ መስኮት ሥር፣ ከቀይ ከፋይ አልጋ፣
እንደ ጫጉላ ሙሽራ እግሩን የዘረጋ።
ክዳኑ ላይ ሥዕል፣ ቲማቲም ሲከተፍ፣
ዳር ዳሩን በወርቅማ የማላውቀው ጽሑፍ።
እንየው ሲያወጣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ጣቶቹን በጋቢው ጫፍ አንድ ባንድ ጠራርጎ፣
«ይሄን» አለኝ፣ «ጋሼ፣ ለሁሉ አላወጣም፤
ሰው አይቼ ነው እንጂ ካለበት አይመጣም።»
በሁለት እጆቹ መዳፌ ላይ አኖረው፣
እንደ ክርስትና ልጅ ቀስ ብሎ አሻገረው።

ስለቱን በጥፍሬ አልሞከርኩ፣
የክንዴን ጸጉር አላስላጨሁት፤
ክዳኑን ብቻ ከፈት መለስ፣ ከፈት መለስ።
ሲዘጋ «ጠቅ» ይላል።
ለዚያች «ጠቅ» ነው የከፈልኩት።
ቅኔ ሲዘረፍበት ባደግሁበት አገር
ሰሙን በወርቅ ዋጋ ገዛሁት።

ከከብት ተራው ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣
አያ ውብነህ ነበር፤
ሥራው ጆንያ ላይ ተሰጥቶ፣ ያለ አንድ ሰገባ።
እናቶች እዚያ ሲደርሱ ልጃቸውን ይሸፍናሉ፣
ቢላዎቹ እርቃን ይውላሉ፤
ጥላሸት የጠጡ፣ መዶሻ የወቀራቸው፣
ያሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ የወለዳቸው።
አየሁና አለፍኩኝ።
ያኔ ቢላ ብቻ ያለፍኩ መሰለኝ።

ፋሲካ ነጋና፣ ቅርጫው ተሰብስቦ፣
ሰንጋው ተጋድሞ፣ ሰፈሩ ዙሪያ ከቦ፣
ካርቶኔን ከፈትኩት፣ ሁሉም እስኪያይልኝ፤
«አጀብ!» አሉ። ኩራቱ እስከ ጆሮዬ አሞቀኝ።
ከታፋው ሥር ገባሁ። አጥንቱን ሲነካው
ቢላዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ
ለታረደው ሰንጋው።

ሳቁ ዓባይን ተሻግሮ
ቤጌምድር ሳይገባ አልቀረም።
አበጀ ከቀበቶው ሥር ጥቁሯን መዝዞ ሰጠኝ፤
አጥንት እንደነበረ እጄ እንኳ አላወቀም።
«የማን ሥራ ናት?» አልኩ፣
እያወቅሁ።

ሳምንቱን ጠብቄ ወረድኩ።
አያ ውብነህ «ባለፈው አይተኸኝ አልፈህ» አላለኝም።
አንዷን መረጠ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት፣
ከልጁ ደብተር ገጽ ቀዶ ጠቀለላት፣
በቃጫ አሰራት፣
ከመሬት አኖራት።
እኔም ከመሬት አነሣኋት።

ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም እንላለን፣
ጠብ ያመጣል ብለን።
እንየው ግን የኔን
በሁለት እጁ ነው ያስጨበጠኝ፤
ያን ዕለት ጠቡ ትዝ አላለኝ።

ቤት ገብቼ ፈታሁት። የሒሳብ ወረቀት ነው።
ትሁን ውብነህ፣ አምስተኛ «ለ»፤
ፊደሏ እንደ አባቷ መዶሻ እኩል እኩል የሚያርፍ፤
ዘጠኝ ከዐሥር፣ በቀይ እስክርቢቶ።
አንዷን የሳተችው
ማካፈል ላይ ነበር።
ቆጠርኩ፤ የኛ ቅርጫ አሥራ ስድስት መደብ ነው፤
ሥጋውን የሚቆርጠው ያባቷ ቢላ ነው፤
ከመደቡ አንዱም የነሱ አይደለም።
ማን አካፍሏት ትወቀው?

ካርቶኑ አልተጣለም።
ጥሩሰው ክርና መርፌ፣ የልጆቹን የክትባት ካርድ
ከፋዩ ላይ አስተኝታለች።
ያን የመሰለ ነገር ይጣላል? ትላለች፤ እውነቷን ነው፤
ከዚያ ሁሉ ብር የተረፈን እሱ ነው።
ወረቀቷን አጠፍኩ፤
ከካርዶቹ መሐል አኖርኩ።
ጠቅ።

ጥቁሯ ገና አልደነዘችም።
ቢሆንም ቅዳሜ ላስሞርዳት እወርዳለሁ፤
ጆንያው ዘንድ ስደርስ
በእጄ ልሰጠው፣ በእጄ ልቀበለው፤
ሰው እያየኝ፣
ካልፈራሁ።