የተሰበረው አሸንዳ

ቡታ ቶየር አረፈ፤ በኬፕ ታውን ዝናብ ቀበርነው፤
(«ቡታ» በኛ ሰፈር አፍ፣ «ታላቅ ወንድም» ማለት ነው።)
ከኢሻ በኋላ ኢማም ጋሳንት ለብቻ ጠሩኝና፦
«የሰደቃው ደብተር ላንተ፤ የቫኗንም ቁልፍ እንካ፤ ና።
ሦስተኛ ማርሽ ላይ እምቢ ትላለች፣ በልመና ነው የምትነዳ፤
ሠላሳ ቤት አለ ሐሙስ፣ ማንም ሳያይ የሚረዳ።»

ደብተሩ ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል፤
ስገልጠው እርድ እርድ ይላል፤ ስም ግን ከዳር ዳር ጠፍቷል።
ቶየር በዚያ ጠማማ እጁ የጻፈው ምልክት ብቻ ነው፦

«ሎሚ ያለበት ግቢ፦ ሩዝ፣ ዘይት፣ አንድ ዶሮ።
ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፦ ወተት፤ ልጁ አልዳነም ዘንድሮ።
የሚያስለው ውሻ፦ ለመብራት፣ ሃምሳ ራንድ።
ቀይ መጋረጃ፦ ክርስቲያን ናት፤ ለገና ዶሮ ጨምር፣ አንድ።»

አንድ ጊዜ የሒሳብ ልጅ፣ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣
«ስም ከሌለ ሪፖርት የለም» አለው አሉ፣ ተጨንቆ።
ቶየር ሽንኩርት ይከትፍ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይል፣
«ስም ያለው ሰደቃ» አለ፣ «ሲሄድ ጫማው ይጮኻል።»

ከመስጊዱ ጓሮ ፋልዲላ ድስቷን ጥዳለች፤
ሕፃን የሚታጠብበት ድስት፤ እጅጌዋን ሰብስባለች።
ምድጃው የሜቶዲስቶች ነው፣ ከመንገዱ ወዲያ ናቸው፤
ወንበር ከኛ ይሄዳል ደግሞ፣ ሠርግ ሲደርስ ለልጃቸው።
ከተራራው የሚወርደው ነፋስ እሳቷን ሲያጎነብስ
ትረግመዋለች፤ ወዲያው ደግሞ
«አስተግፊሩላህ» ትላለች፣ በለሆሳስ።

«ሰጪ ይሩጥ፣ ተቀባይ ይራመድ» ይል ነበር ቶየር።
ሎሚው ጋ ደረስኩ፤ አጥሩ ሥር አኖርኩና
ሸሸሁ፣ እንደ ሌባ፣ በዚያ አየር።

ሌሊቱን፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ የድሮውን ገጽ ስገልጥ፣
አንድ መስመር አፈጠጠብኝ፣ ከሠላሳው መስመር ውስጥ፦
«የተሰበረው አሸንዳ፦ ምስር፣ ዱቄት፤ የልጁ ጫማ፣ ቁጥር ሁለት።»
አሸንዳው የኛ ነበር።
ልጁ እኔ።
ሐሙስ በሐሙስ፣ ዘጠኝ ዓመት።

እናቴ «አጎትህ ላከው» ትለኝ ነበር፣ «ኢግሻን፣ ከፖርት ኤልዛቤት፤
የባቡር ሠራተኛ ነው፤ አይረሳም የእህቱን ቤት።»
ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ባቡር ሥዬ። ሁለት ጊዜ።
መልስ ሲቀር «ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ፤
አመንኩ፣ በትካዜ።

ገጹን ገለበጥኩ። ከጀርባው፣ የሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ፣
«የተሰበረው አሸንዳ፦ ሁለት ራንድ፣ ዓርብ።» ያው ምልክት፣ ሳይለይ።
ደጋግሞ። ከሥሩ በእርሳስ፦ «ተይ አልኳት፤ ተቆጣችኝ፤
‹ከኔ የባሰ የለም ወይ?› ብላ ሳንቲሙን አስጨበጠችኝ።»

በመጀመሪያ ደሞዜ ያንን አሸንዳ ጠገንኩ።
«ታዲያ አሁን በምን ይለዩናል?» አለች፤ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።
ዛሬ ጆሮዋ ደክሟል። ምናልባት እጠይቃት ይሆናል።
ምናልባትም አልጠይቃት።

በዚህ ሐሙስ አዲስ ቤት አለ፣ ከተቃጠሉት ዛኒጋባዎች የመጣ፤
ምልክት ያስፈልገዋል። «በር የሌለው» ብዬ ጻፍኩ።
ሰረዝኩት። ሰው በሌለው ነገር ይጠራል እንዴ፣ ስላጣ?
ቆሜ ስሰማ፣ ሴቲቱ ከውስጥ ልብስ እያጠበች ታንጎራጉራለች፤
«የምታንጎራጉረው» አልኩ። በዚህ ደብተሩ ላይ ትኖራለች።

ደጃፉ ላይ ትንሽ ጫማ፣ ተረከዙ ያለቀ፣ ጭቃ የለበሰ።
ገልብጬ አነበብኩ፦ ቁጥር አንድ።
ከውስጥ ኮቴ ቀረበ፣ ደረሰ።
ሮጥኩ።
ቫኗ ሦስተኛ ላይ እምቢ አለች፤ ለመንኳት።