እጃችሁን አትዘርጉ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ጀምበር አልጠለቀች፤
ልጄ ከመጋረጃው ሥር ወደ ደጅ አጮለቀች፤
«ነግቷል እኮ፣ እማዬ» አለች።
«አልነጋም፣ አልመሸም፤ ዝም ብለሽ ተኚ» እላታለሁ፣
በረንዳው ላይ ነጩን የጁዶ ልብስ አሰጣለሁ፤
የኦውሉ ትንኝ ክንዴን ስትቀምሰኝ፣ በጥፊ እመልሳለሁ።

ጠዋት ከምድር ቤት ብስክሌቴን ሳወጣ
ካቴናው ሲያላዝን ቆይቶ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት ጠጣ፣
ዝም አለ።
ከኋላዬ ኦይቫ ነው፤ የሦስት ዓመት ጌታ፣
ሄልሜቱን ቅንድቡ ላይ ደፍቶ፣ በእጁ የተገመጠ ካሮታ።
ከፊቴ ቪየኖ ናት፤ በግንቦት፣ በስድስተኛ ልደቷ
ደጋፊ ጎማ ያስፈታች፤ አይያዝም ፍጥነቷ።
ቅርጫቴ ውስጥ ቀበቶ፣ ፋሻ፣ እርጥብ ፎጣ፣
ጓደኛው የት እንደቀረ ያልታወቀ አንድ ጫማ።
አባታቸው መርከበኛ ነው፤ እሑድ እሑድ በስልክ ብቅ ይላል፣
ነፋስ ግማሹን ቃል ይበላበታል።
የእንጨቱን ድልድይ ስንሻገር፣ ሳንቃው ከጎማችን ሥር ያጉረመርማል፤
ኦይቫም እኩል ያጉረመርማል።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለእረፍት ተዘግቶ የጠመኔ ሽታ ይዟል።
ምንጣፍ እናነጥፋለን። እጅ እንነሳለን።
የመጀመሪያው ወር መውደቅ ብቻ ነው፦
አገጭ ወደ ደረት፣ ጀርባ እንደ እንቁላል፣
ክንድ በሙሉ ርዝመቱ ምንጣፉን በጥፊ ይላል።
«እጃችሁን ግን አትዘርጉ፤ የተዘረጋ እጅ ይሰበራል።
መሬት ጉቦ አይቀበልም።»

ኤልመሪ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ሲጥሉት ይስቃል፣
ሰው የጣለ ዕለት ግን ጥግ ይዞ ያለቅሳል።
ኬርቱ ሰባ አንድ ዓመቷ፤ ቀበቶ አይደለም ያመጣት፣
አምና ፖስታ ልታነሳ ስትወጣ
የደጃፏ በረዶ ነው ዳሌዋን የቀጣት።
በሐምሌ ለጥር ትወድቃለች፣
በወደቀች ቁጥር የልጅነት ስድብ ትሳደባለች።

ቀትር ላይ ወንዙ ዳር ጥቁር ዳቦ እንቆርሳለን።
ዳክዬዋ ከነጫጩቶቿ ታልፋለች፤
ሰኞ ስምንት ነበሩ፣ ዛሬ ስድስት።
ቪየኖ ትቆጥራለች፤
እኔ ወሬ እቀይራለሁ።

ሐሙስ ከገበያ ስንመለስ፣ አንድ ሊትር እሸት አተር ገዝተን፣
ኦይቫ እየፈለፈለ ቅርፊቱን በአንገትጌዬ ሲከት፣
ቪየኖ ሳትናገር ፍሬን ያዘች። ቀንድ አውጣ ነበር፣ መንገዱ መሐል።
እኔም ያዝሁ። አሸዋው አንሸራተተኝ።
አንዱ እጄ ወደ ኋላ፣ ወደ ኦይቫ ሄደ፤
ሌላው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት፣ የገሠጽኩት፣
እንደ ማንም እጅ ተዘርግቶ ወረደ።
መሬቱም ጉቦ አልተቀበለም።

አተሩ እስከ ሳሩ ድረስ ተንከባለለ፤
ኦይቫ ከወንበሩ እንደ ታሰረ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ «ድገሚው!» አለ።
ቪየኖ ብስክሌቷን አቁማ መጣች፣ ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ፤
«አገጭሽን አላስገባሽም። መሬቱን አልመታሽም። እጅሽን ዘረጋሽ» አለችኝ።
ከዚያ እግሯን ገጥማ፣ መዳፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤
መንገዱ እጅ ነሳኝ፣ ልጄም እጅ ነሳች።

ሐኪሙ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።
«መውደቅ አስተምራለሁ።»
ብዕሩን አስቀመጠ።

አሁን ግራ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው።
ቀበቶዬን ኬርቱ ታስርልኛለች፣ እንደ ስጦታ ዕቃ አጥብቃ፤
ለአዲስ ገቢዎች ኤልመሪ ያሳያል፣ እኔ ከዳር ቆሜ «አገጭ!» እላለሁ፤
ኦይቫን ጭኜ ብስክሌቱን በአንድ እጅ እየገፋሁ በእግሬ እመለሳለሁ።
ቪየኖ ትቀድመኛለች፣ ትዞራለች፣ ትመጣለች፣ ደግሞ ትቀድመኛለች፤
የሦስት ኪሎ ሜትሩን መንገድ ዘጠኝ ታደርገዋለች።

ማታ፣ ያችው ጀምበር መስኮቱ ላይ እንደ ቆመች፣
«ቀንድ አውጣውስ?» ብላ ከብርድ ልብሱ ሥር ጠየቀች።
«ተሻግሯል» አልኳት።
አላየሁም።