የማክሰኞ ውሃ

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ቤት ሞሉ፣
ገንፎውን ጨርሰው፣ መርቀው ሄዱ ሁሉ፤
እኔን ግን አልማረችኝም።
ሌሊቱ አልነጋ፣ ቀኑም አልመሸልኝ፣
ግድግዳው በስሜ ሲጠራኝ እየሰማሁ
ያቺን ትንሽ ፍጥረት፣ ከኔ የወጣችውን፣
«የማን ናት?» እላለሁ።

ጎረቤት ፈረደ፦ «አራስ ብቻዋን ጥለው፣
ከራስጌዋ ብረት ማኖሩን ረስተው።»
ብረትስ ነበረ። እህቴ ደብሪቱ
ቢላውን በእጇ ከትራሴ ሥር ከታ፣
ኋላ እኔኑ ፈርታ
በዚያው በእጇ አወጣችው።

አማኑኤል ተኛሁ፣ ስድስት ሳምንት።
ሰማንያሽም እዚያው አገኘኝ፤
አንቺን ሲያጠምቁሽ እኔን ነርሷ
«ምላስሽን አንሺ፤ ዋጥሽው?» ትለኛለች።
ስምሽን የነገረኝ አባትሽ ነው፣ በስልክ፣
የሟች እናቱን ስም።
የሰው ልጅ ስም እንደሰማ ሰው
«ጥሩ ስም ነው» አልኩት።

ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ መንገዱ ጭቃ ነው፣
ባጃጁ ከታች አወረደን።
አራት ፎቅ በእግር፣ የመድኃኒት ፌስታል በእጄ።
በሩን ደብሪቱ ከፈተች፣ አንቺ ትከሻዋ ላይ፤
አየሽኝና ፊትሽን አዞርሽ።
አልፈረድኩብሽም፤
ቀድማ የዞረችው እኔ ነበርኩ።

ጡቴ ደርቋል። ወተትሽ የቆርቆሮ ነው፤
ክኒኔም በሰዓት፣ ጡጦሽም በሰዓት።
ሐኪሟ «መውደዱን ለጊዜው ተይው፣
ጡጦውን ያዢላት» አለችኝ።
እይዛለሁ።
ደብሪቱ ከኩሽናው ደፍ ትጠብቀኛለች፣
የማታየኝ መስላ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

እዚህ ኮዬ ፈጬ ውሃ ማክሰኞ ነው፣
ከመጣም ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት።
ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ
ጆሮውን ከቧንቧው ጋር ያስተኛል።
ከሜዳው ወዲያ ጅብ፤
ያላለቀው ብሎክ በነፋስ ያፏጫል።

መጀመሪያ አየር ነው፣ ቧንቧው ይስላል፣
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
ቀጥሎ ዝገት፣ መልኩ ሻይ የመሰለ።
ያኔ ነቃሽ።
ደብሪቱ ምድር ቤት ወርዳለች፣
የእማማ ዘነቡን ጀሪካን ልታወጣ።
አንድ እጄ ባልዲው ላይ፣ ለቅሶሽ ከወዲያ፤
የሳምንት ውሃ ነው።
እንዳስተማሩኝ እስከ አስር መቁጠር ጀመርኩ፤
ሰባት ላይ ባልዲውን ለቀቅኩት።

አነሣሁሽ። ክብደትሽ ገረመኝ፣
ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ታክያለሽ።
አንገቴ ሥር ገባሽ፣
ደብሪቱን ፈልገሽ ይሆናል፣ ምን አውቃለሁ፤
አጥተሻት ግን ፊትሽን አላዞርሽም።

«አምሳለ» አልኩሽ።
ከኔ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤
ድምፄ ዝገት ዝገት አለኝ።
ደግሜ አልኩሽ።

ውሃው ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ደረጃ ወረደ።
ደብሪቱ እየሮጠች መጣች፣ ነጠላ ጫማዋ ርሶ፤
አፏን ልትከፍት ብላ አየችን።
መወልወያውን አንሥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣
አንዱን ቦታ ብቻ ደጋግማ ወለወለች።
«እስከ ማክሰኞ ምን ልንጠጣ ነው?» አለች፣ ለወለሉ።

አልመለስኩላትም።
ትንፋሽሽን እየቆጠርኩ ነበር፣
አስርን አልፌ።