ማጥለያ

ሸዋፈራሁ አመጣቸው፣ ከጅቡቲ በቦቴ፣
ባሕር በጀሪካን ቀድቶ አኖረልኝ ከቤቴ፤
ጣርማበር ዋሻው ውስጥ ጨለማ ውጧቸው፣
ሲወጡ የደብረ ብርሃን ውርጭ ተቀበላቸው።

ብርቱካን መልክ፣ ሁለት ሁለት ነጭ መቀነት፣
አንዷ ወፈር፣ አንዱ ኮሰስ፣ የሚመስሉ የአንድ እናት።
«ክላውን ፊሽ ይባላሉ» አለኝ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
«ባልና ሚስት ናቸው» አለ። ከዚያ በአቧራው ጠፋ።

ሦስት ቀን ሰላም። በአራተኛው ጅራቱን ነከሰችው፣
ጥግ ለጥግ አሳድዳ ከማሞቂያው ሥር ወሸቀችው፣
ፍርፋሪ ስጥል እንኳ ዞራ ከለከለችው።

እሱ ይንቀጠቀጣል፤
በጎኑ ጋደም ብሎ፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ።
እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና፣
መንቀጥቀጥ ሳይ ከብርድ ሌላ አልመጣልኝም ገና፤
ማሞቂያውን ሁለት ጭረት ከፍ አደረግኩ፣
መስታወቱን ብርድ ልብስ አለበስኩ፣
ጠርዙ የተተረተረ፣ አጸደ ከፋብሪካው በቅናሽ ያመጣችውን።

ለሸዋፈራሁ ደወልኩ። ሳቀብኝ፣ ከሚሌ ማዶ፤
«ብርድ አይደለም ወንድሜ፣ ‹እሺ› እያላት ነው፣ ሰግዶ።
ሁለቱም ወንድ ሆነው ነው የሚወለዱት፣ ስማ፣
ያየለው ሴት ይሆናል፤ ያነሰው እጅ ይነሳል፣ አለቀማ።»
«እጅ ነሥቷል እኮ! ታዲያ ለምን አትተወውም?»
«ጠባብ ቤት...» አለ። ጥሪው ተቋረጠ። አልጨረሰውም።

እውነቱን ነው። ገንዳው ጠባብ፤ ቤታችንም ሁለት ክፍል፤
በቆጣሪው ሂሳብ ሰበብ እኔና አጸደ ስንከፋፈል፣
እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ መደቡ ላይ፣ ሳምንታችን ነበር።
ጨው ውስጥ ውለው አድረው ጨዋ ያልሆኑት፣ ወይ ነገር!

የማካሮኒ ማጥለያ ሰረቅኩ ከኩሽና።
እሷን አሠርኳት፣ በዳይዋን።
እኛ ሰፈር ጓዟን ሸክፋ
ሁሌ የምትወጣው የተመታችው ናት፣ አንገቷን ደፍታ።

አምስት ቀን በቀዳዳው አየችው፣
እሱ ገንዳውን ሲዞረው፣
ከሸክላው ስባሪ ሥር ሲተኛ፣ ሲበላ ሳይቸኩል።
ድንጋዮቹን አዛወርኩ፣ የላዩን ታች፣ የታቹን ላይ፣
ድንበሬ ነው የምትለው ምልክት አንድም እንዳይታይ።
በስድስተኛው ማታ አምፖል አጥፍቼ ፈታኋት።

ቀረበች። ተንቀጠቀጠ።
አንዴ ብቻ ጅራቱን ጠቆም አደረገችው፣
ለደንቡ ያህል፤ አለፈችው።

በዚያው ሌሊት የሰፈሩ መብራት ሄደ።
አጸደ ከማታ ፈረቃ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ፣
ብርድ ልብሱን በገንዳው ዙሪያ ጠቀለለች።
እኔ በብስክሌት መንፊያ አየር እነፋለሁ፤
ክንዴ ሲዝል ከእጄ ተቀበለች።
አልተነጋገርንም። ነጋ።

እሑድ ማካሮኒ ሠራች።
ማጥለያው ቦታው ተመልሷል፤ ሦስቴ አጥቤዋለሁ፣ በሳሙና።
ቀመሰች። ቀና ብላ አየችኝ።
«ምነው ጨው በዛበት?» አለች።

ከአፌ እስከ ጫማዬ ትንሽ ተንቀጠቀጥኩ።
ብርድ አልነበረም።