ደፍ

እናቴ ቬርጊኔ ሁሌም ከመኝታ በፊት
ጠርሙስ ታቆማለች፣ በአፉ ደፍታ፣ ከመስኮቱ ፊት።
የነውጥ አገር ልጅ ናት።
«ከወደቀ ሩጡ» ትላለች፤ አትቀልድም፤
እኛም እንተኛለን፣ ጆሯችን ግን አይተኛም።
የሠርጋቸው ኮኛክ ነበር፣ ዘመድ ተሰብስቦ የጠጣ፤
በአፉ ደስታ ወጣ፤ በዚያው አፍ ስጋት መጣ።

ከመስኮቱ ማዶ፣ ከወይን ማሳው ጀርባ፣
አራት ማማ ቆሟል፣ ወገበ ሸንቃጣ፣ ትንፋሹ ደመና የሚገባ።
አባቴ ሜሩዣን፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ቀይ መስመር እንዳይነካ፣ መርፌ ሲጠብቅ ነቃ።

በረዶ የጣለ ዕለት፣ ረፋዱ ላይ ገና፣
ዝንብ እንዳረፈበት በሬ፣ ምድር ቆዳዋን ነዘረችና፣
በሰሜን ያለ ከተማ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣
እንደ ጨው ክምር ተናደ፤ ትምህርት ቤቱ ከነልጆቹ በአቧራ ተበላ።
አክስቴ ኖየምዛር የሂሳብ መምህር ነበረች፤
ከጥቁር ሰሌዳው ስር፣ ጠመኔ እንደጨበጠች
ተገኘች።

እኛ ዘንድ ጠርሙሱ ወደቀ፤ ወድቆም አልተሰበረ፤
ማማውም አልተሰነጠቀ፤ መርፌውም በቦታው ነበረ።
«ዛሬ አለፈን» አለ አባቴ። ስለ ነገ አልተናገረ።
ከቀብር መልስ ግን፣ ጥቁሩን ሳያወልቅ፣ እንደለበሰ፣
«ይዘጋ» የሚል ማመልከቻ ላይ ፈረመ፤ ያጎረሰውን እጅ ነከሰ።
እሳቱም ተዳፈነ።

ከዚያ ጨለማው መጣ።
ጋዙ ተቋረጠ፤ መንገዱ ተዘጋ፤
መብራት በቀን አንድ ሰዓት፣ እሱም ሌቱ ሊነጋጋ።
የጎዳናው ዛፍ አለቀ፤ የወለሉን ጣውላ ነቀልን፤ ከዚያ መጻሕፍት።
አባቴ የአክስቴን ሂሳብ አስቀርቶ፣ የራሱን ማገደ፤
የተርባይኑን መመሪያ፣ ገጽ በገጽ እያነበበ አነደደ።
ወንድሜ ስምባት ሕፃን ነው፤ ደረቱ ውስጥ ጠጠር ይንኳኳል፤
ሐኪሙ በሻማ ብርሃን «ሙቀት» ብሎ ያዝዛል፤
ሙቀት የትኛው ፋርማሲ ይሸጣል?

በአራተኛው በረዶ ሰዎች በራችንን መቱ፦
«እሳቱን ልንቀሰቅሰው ነው። መርፌውን የምታውቁ ኑ።»
አባቴ ስምባትን አየ። የኖየምዛርን ፎቶ አየ።
ማንን እንዳማከረ አላውቅም። ኮቱን ደርቦ ተለየ።

መብራት የመጣ ዕለት ሰፈሩ ወጣ በሆታ፤
እናቴ አምፖል ስር አለቀሰች፣ መዳፏን እንደ ለማኝ ዘርግታ፤
ያን ሌሊትም ጠርሙሱን አቆመችው፣ በአፉ ደፍታ።
በጸደይ ራዛው ተመለሰ፤ ከመብራት ምሰሶው ጫፍ ጎጆ ሠራ፤
ከእግሩ ስር የሚያልፈውን ማን ነግሮት ይፈራ?

ዛሬ እኔ እዚያው ነኝ። ብሎን አጠብቃለሁ፤
ምድር ስታዛጋ የሚመዘግብ መሣሪያ እጠብቃለሁ።
ሰነዱ «ይህን ያህል ነውጥ ይችላል» ይላል፤
ምድር ግን ሰነዱን አላነበበችም፤ ፊርማዋስ የታል?

ግድግዳችን ላይ ሁለት ማስታወቂያ አለ።
አንዱ፦ «ምድር ስትናወጥ፣ ከቤት ውጡ፣ ሜዳ ላይ ቁሙ።»
ሌላው፦ «ጨረር ቢያመልጥ፣ ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ እዚያው ክረሙ።»
ሁለቱ በአንድ ቀን ቢመጡስ? ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት፤
ሳቀ፤ ሳቁ አለቀበት፤ ጥያቄውን እዚያው ተውኩት።

ለእናቴ ነገርኳት። አርጅታለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤
ጠርሙሱን ስታቆም፣ ምድር ትሁን እሷ፣ ማን ይለያል?
«ውጪ ቢሉሽም ግቢ ቢሉሽም፣ በሩ አንድ ነው» አለች፤
ተነሥታ፣ ጉበኑን ተደግፋ፣ ደፉ ላይ ቆመች፣
አንድ እግሯ ሳሎን፣ አንድ እግሯ በረዶ ላይ።
ከኋላዋ አምፖሉ በርቷል፤ ከፊቷ ማማው ይተነፍሳል።
ብርዱ ይገባል።
«ዝጊው እንጂ እማዬ» አልኳት።
«ቆይ» አለች፣ «ጠርሙሱ ይወዛወዛል።»