ያልተቆጠረው ኅዳር

ከባሕር ዳር ወደብ በታንኳ ሦስት ሰዓት፣
ካርታ ያልሰየማት፣ ገዳም ያልቆመባት፣
አንዲት ደሴት አለች፣ ከደሴት ያነሰች፣
ጀርባዋን ለጎንደር፣ ፊቷን ለዘጌ የሰጠች።
ሾላ አለ ከመሐሏ፣ ቅጠሉን የጨረሰ፣
በወፍ ኩስ ነጥቶ ኖራ የለበሰ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሥሩ ተቀምጬ፣
አንገቴን ሰብሬ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣
ጎጆ ቆጥሬያለሁ።

ስሟ እንኳ ያከራክራል፤ ዲያቆኑ «እርኩም» አላት፣
ከውጭ የመጣው መጽሐፌ «ኮርሞራንት» ብሎ ጻፋት።
ደንገል ሲያስር ያደገው ባለታንኳው ይማም
መቅዘፊያውን አንሥቶ፣ «በስም አንጣላም፣
ጠላቂት በያትና ቁጠሪያት» አለኝ፤
ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልጣመኝ።

እናቴ ግን፣ «ወፍ ቆጥሮ ማን ጎተራ ሞላ?
ደመወዝሽ ቀጭን፣ ጫማሽን ኩስ በላ።»
ሊያጨኝ ያሰበውም የመንገድ መሐንዲስ
አብሮኝ መጣ አንድ ቀን፣ በአዲስ የበዓል ልብስ፤
ሾላው ሥር ሲቆም ግን ከላይ ተቀበሉት፣
ያን ሸሚዝ ይዞ ሄደ፣ ዳግም አላየሁት።

ምን አወቅሁ? ጥቂት ነው።
ላባዋ ውሃ እንደሚጠጣ፣ የዳክዬ ቅባት እንደሌላት፣
ጠልቃ በወጣች ቁጥር ክንፏን ከፍታ መቆም እንዳለባት፣
የታጠበ ጥቁር ካባ መስላ፣ አጥቢው ገመድ ላይ ረስቷት።
ጫጩቷ እናቷ ጉሮሮ ውስጥ እስከ ትከሻዋ ገብታ
ግማሹ የቀለጠ ቀረሶ ይዛ እንደምትወጣ፣ አፏን ሞልታ።
ነፋስ ጎጆዋን ሲጥልባት እንደማታለቅስ፣
ጎረቤቷ ዓሣ ፍለጋ እስኪሄድ ጠብቃ እንጨቱን እንደምትወርስ።

ቆጠራው በኅዳር ነው፣ ከሚካኤል ማግስት፣
በእርሳስ፣ ቀለም ውሃ አይችልምና፦
መቶ ዘጠና ሦስት።
ሁለት መቶ አሥር።
ሁለት መቶ ስድስት።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ያው ኅዳር፣ ያው ማግስት፣
ታንኳዋ ዳር ላይ ነበረች። ይማም አልነበረም።
ሌሊት ሞቶ ጠዋት ተቀበረ።
ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ጸጥ አለ፣
ሰው ለምኜ መሻገር እችል ነበር።
አልተሻገርሁም።
ደብተሬን ከፈትሁ፣ ያለፈውን ዓመት አየሁ፣
አራት ቀነስሁለት፣ እውነት እንዲመስል፣
«ሁለት መቶ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ።
እጄም አልተንቀጠቀጠ።

ዘንድሮ አንድ ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲው ልጅ፣
ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ እስከ ቤቴ ደጅ።
ሕይወቴን በአንዲት መስመር ስቦ አሳየኝ፤
ቁልቁል ትወርዳለች፣ ሳያት አዞረኝ።
«ውሃው ሲሸሽ» አለ፣ «እምቦጭም ሲበዛ፣
ከዚህ፣ ከዚያም ዓመት ወፉ ሁሉ ሳሳ፣
ያቺ ዓመት ብቻ ናት ቀጥ ብላ የቆመች።
ምን ነበር የተለየ?»
ጣቱ ከነጥቧ ላይ አልተነሣችም።

«የተለየውማ» አልሁት፣ «ይማም ነበር።»

የነፋስ ስም መስሎት
በጥንቃቄ ጻፈው።

ሌሊቱን ላጲስ ፈልጌ ቁጥሩን አጠፋሁት።
እርሳሱ ሄደ፤ የተጫንሁበት ጎድጓዳ ግን ቀረ፣
በጣት ሲዳሰስ እስካሁን ሁለት መቶ ሁለት ነው።
ከላዩ ላይ ጻፍሁበት፦ «አልቆጠርሁም።»
ምክንያት የሚለውን ሠንጠረዥ ባዶ ተውሁት።

ነገ የሚካኤል ማግስት ነው።
ባለሞተር ጀልባ ተከራይቻለሁ፤ ልጁ ቸኳይ ነው፣
ድምፁም ወፍ ይበትናል።
ሾላው ሲታይ አጥፋው እለዋለሁ።
የይማም መቅዘፊያ በሩ ሥር ቆሟል፣
አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ በደንገል ልጥ አስሬዋለሁ፤
የቀረውን በእሱ።